ከቆጋ እስከ ጣና ዳር፦ የምሽት ፕላኔቶችን በዓይን መለየት

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ጎልቶ የሚያበራ ነገር ካዩ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቬነስ፣ ጁፒተር፣ ወይም ለማረፍ መብራቱን አብርቶ የሚመጣ አውሮፕላን። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ ስለሆነ ሦስተኛውን ለቀልድ አልጨመርኩትም። ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ለጊዜው አንድ ቦታ የቆመ ኮከብ ይመስላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡት፤ አውሮፕላን ከሆነ ራሱን ያጋልጣል።

የቀረውን ለመለየት ቴሌስኮፕ መግዛትም ሆነ ከከተማ መውጣት የግድ አይደለም። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ያለ ምንም መሣሪያ ይታያሉ፤ ቴሌስኮፕ ከመሠራቱ ከብዙ ዘመን በፊትም ሰው ያውቃቸው ነበር። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ከድምቀትና ከቀለም መጀመራችን ነው። «ደማቋ ቬነስ፣ ቀዩ ማርስ» የሚለውን ከትምህርት ቤት ይዘን እንወጣና ቀላ ያለ ኮከብ ባየን ቁጥር ማርስ እንለዋለን። እዚህ የምከተለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ድምቀቱ፣ በመጨረሻ እንቅስቃሴው።

አንደኛ፦ ምዕራብዎን ይወቁ

ጣና ከባሕር ዳር በስተሰሜን ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምሽት ላይ ሐይቁ ዳር ሲቀመጥ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ውኃው ላይ አፍጥጦ ፕላኔት ይፈልጋል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከተማዋ ዳር ለተቀመጠ ሰው በግራው በኩል ነው። ያም ቢሆን ቦታው አንድ አይደለም። በሰኔ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ መርዓዊ መንገድ አቅጣጫ ትሸሻለች። በሁለቱ ጫፎች መካከል 48 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ግእዝ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ለፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች እንዳሏት የሚተርከው ይህንኑ ጉዞ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያ ሥራም የዚያን ሳምንት በር ማወቅ ነው፦ ፀሐይ ከየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ሕንፃ ወይም ከየትኛው ኮረብታ ጀርባ እንደጠለቀች ልብ ይበሉ። ሜርኩሪና ቬነስ ከዚያ ነጥብ ብዙ አይርቁም።

ሰዓቱም እንደ ወሩ ይለያል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ በሐምሌ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ትጠጋለች። የኛ አመሻሽ አጭር ነው። አውሮፓ ውስጥ በበጋ ሰማዩ ለመጨለም ሰዓታት ሲወስድበት እዚህ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ደማቆቹ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ ይገኙ፤ እራት በልተው የሚወጡ ከሆነ ሜርኩሪ አመለጠችዎት ማለት ነው።

ለእይታ ጣራ ወይም ሰፊ ግቢ ይበቃል። የከተማዋ ዘንባባዎች ያምራሉ፣ አድማስን ግን ይጋርዳሉ። ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከደራና ከፎገራ በኩል ለሚኖር ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ለእሱ ምዕራቡ ራሱ ውኃ ስለሆነ የሚጋርደው የለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ግን ከመሸ በኋላ ደንገል ውስጥ አይግቡ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ውኃ ዳር የትንኙንም ነገር ያስቡበት፤ ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን ይሳሉ

ፕላኔቶች ሰማይ ላይ እንዳሻቸው አይበተኑም። ሁሉም ፀሐይን የሚዞሩት አንድ ሊባል በሚችል ዝርግ ላይ ስለሆነ እኛ ስናያቸው ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። ጨረቃም ከዚህ መንገድ ብዙ አትወጣም። እንግዲህ ጨረቃ ባለችበት ምሽት ፀሐይ ከጠለቀችበት ነጥብ ተነሥተው በጨረቃ በኩል እስከ ምሥራቅ አድማስ በጣትዎ አንድ ቅስት ይሳቡ። ፕላኔት ካለ እዚያ ቅስት ላይ ወይም አጠገቡ ነው። ከቅስቱ በጣም የራቀ ደማቅ ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ፕላኔት አይደለም።

እዚህ ላይ በውጭ አገር መጻሕፍት ለተማረ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አብዛኞቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ስለሆነ «ወደ ደቡብ ይመልከቱ» ይላሉ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከግማሽ ላይ ናት። እኛ ጋ መንገዱ በአናታችን በኩል ያልፋል፤ አንዳንዴም ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ይላል። አንገት እስኪያም ቀና ማለት አለ፤ ፍራሽ ወይም ሰሌን አንጥፎ መተኛት ይሻላል። ጥቅሙ ግን ይበልጣል። መንገዱ ከአድማስ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ ለፀሐይ ቅርብ የሆኑት ፕላኔቶች ጭጋግ ውስጥ ሳይዋጡ ከፍ ብለው ይታያሉ። ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው ሜርኩሪን ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ የመርዓዊ ሰው ግን ሰበብ የለውም።

ርቀት ለመለካት ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው እጅዎን ይጨብጡ። የቡጢዎ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። የልጅ ቡጢ ትንሽ ቢሆንም ክንዱም አጭር ስለሆነ ልኬቱ ያው ይሆናል። ሰማዩ በሰዓት አንድ ቡጢ ተኩል ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ይህን ከያዙ አንድ ፕላኔት መቼ እንደሚጠልቅ ያለ መተግበሪያ መገመት ይችላሉ።

ሦስተኛ፦ መንገድ ዳር የቆሙትን አራት ኮከቦች ያጥኑ

መንገዱን ካወቁ በኋላ የሚያደናግሩዎት እዚያው መንገድ ላይ ያሉ ደማቅ ኮከቦች ብቻ ናቸው። ዋነኞቹ አራት ናቸው፦ አልደባራን፣ ሬጉለስ፣ ስፓይካና አንታሬስ። አልደባራንና አንታሬስ ቀላ ስለሚሉ ማርስን ይመስላሉ። አልደባራን በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ከፍ ብሎ ይታያል፤ አንታሬስ ደግሞ በክረምቱ መግቢያ ምሽት ላይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይወጣል። አራቱን አንድ ዓመት ሙሉ ከተከታተሉ ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ አምስተኛ ደማቅ ነገር ሲያዩ እንግዳ መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ።

ከመንገዱ ውጭ ካሉት ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሲሪየስ ነው። ከሌሊት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ እሱ ነው፤ በጥርና በየካቲት ምሽቶች ከፍ ብሎ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አንዳንዴም ቀይ እየመሰለ ይርገበገባል። ከሱ በታች በደቡብ በኩል ካኖፐስ አለ። ሁለቱም ከቅስቱ ስለሚርቁ ከዝርዝርዎ ይሰርዟቸው።

ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት አይርገበገብም የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ልክ አለው። ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ ነጥብ ብቻ ስለሆነ አየሩ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። ፕላኔት ቅርብ ነው፤ በዓይናችን ባንለየውም ትንሽ ክብ ስፋት ስላለው ብርሃኑ ይረጋል። ሆኖም አድማስ አጠገብ፣ በተለይ ሙቀቱን ቀን ሲሰበስብ በዋለ ውኃ ላይ፣ ቬነስም ትርገበገባለች። ፈተናው የሚሠራው ከአድማስ ሁለት ቡጢ ከፍ ላለ ነገር ነው።

አራተኛ፦ አምስቱን በየባሕርያቸው

ቬነስ ከጨረቃ ቀጥላ የሌሊቱ ደማቅ ናት፤ ከሲሪየስ አሥር ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትበልጣለች። ትልቁ መለያዋ ግን ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ፣ ማለትም ከአምስት ቡጢ፣ በላይ አለመራቋ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት ብዙ ሳታልፍ እሷም ትጠልቃለች። እኩለ ሌሊት ላይ አናትዎ ላይ የሚያበራው ነገር በምንም መንገድ ቬነስ ሊሆን አይችልም። ምሽቱን ጨርሳ ወደ ንጋት ስትዞር አባቶቻችን የሚያውቋት አጥቢያ ኮከብ እሷው ናት። በስምንት ዓመት አንዴ ወደዚያው ቦታ፣ ወደዚያው ቀን ገደማ ትመለሳለች፤ በ2011 መግቢያ ምሽቱን ያየ ሰው በ2019 መግቢያ ያንኑ ያያል።

ጁፒተር ከቬነስ ይደበዝዛል፣ ከየትኛውም የሌሊት ኮከብ ግን ሁልጊዜ ይበልጣል። እኩለ ሌሊትም አናት ላይም መገኘት ይችላል። ፀሐይን በ12 ዓመት ስለሚዞር በየዓመቱ አንድ የኮከብ ቤት ብቻ ይሻገራል፤ ዓምና የነበረበትን ካወቁ ዘንድሮ የት እንዳለ ለመገመት አይከብድዎትም። ተራ የርቀት መነጽር ካገኙ፣ 10 በ50 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ክርንዎን ግንብ ላይ አስደግፈው ይመልከቱት። አጠገቡ በአንድ መስመር ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ይሰለፋሉ። ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። በማግስቱ ሲመለሱ ቦታቸውን ቀይረዋል። እኔን ከጠየቁኝ ለልጆች መጀመሪያ የሚያሳዩት ይህንን ይሁን፤ የጨረቃ ጉድጓዶች ይቆያሉ።

ማርስ አስቸጋሪው ነው። በ26 ወር አንዴ ወደ እኛ ሲቀርብ ይደምቃል፤ ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ ደብዝዞ ከተራ ኮከብ አይለይም። ቀለሙ እንደ ፍም ሳይሆን ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው። አንታሬስ ወይም አልደባራን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ቦታው እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ሳተርን ረጋ ያለ፣ ቢጫ ቢጤ፣ ዓይን የማይስብ ነው። አብዛኛው ሰው አይቶት ሳያውቀው ያልፋል። ፀሐይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ስለሚፈጅበት አንዴ ካገኙት ለሁለት ዓመት ያህል እዚያው ሰፈር ነው። ቀለበቱ በዓይን አይታይም፤ 30 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

ሜርኩሪ ለጥቂት ቀናት ብቅ ብላ የምትሰወር ናት። ስለሷ ከታች እንመለሳለን።

አምስተኛ፦ በ2019 ዓ.ም. ምን ያገኛሉ

ክረምቱ ሲወጣና ደመናው ሲገፈፍ መጀመር ጥሩ ነው፤ የ2019 መስከረም ደግሞ ለጀማሪ የተሰናዳ ይመስላል። መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ችቦው ተለኩሶ ወደ ቤት ሲመለሱ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ዞር ይበሉ። ከአድማስ አንድ ቡጢ ተኩል ከፍ ብላ የምታበራው ቬነስ ናት፤ በዚያ ሰሞን ድምቀቷ ጫፍ ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ትጠልቃለች። በርቀት መነጽር ካዩዋት ክብ አይደለችም፤ አምስት እጅ ቢባል አራቱ ጨለማ የሆነ ቀጭን ቅስት ናት። ምክንያቱ በእኛና በፀሐይ መካከል ልትገባ መቃረቧ ነው፤ ብርሃን ያረፈበት ጎኗ ወደ ፀሐይ ዞሮ ጀርባዋን ለእኛ ትሰጣለች። መነጽሩን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ወደዚያ አቅጣጫ በጭራሽ አያነጣጥሩ፤ የዓይን ብርሃን ያጠፋል።

አሁን ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ያዙሩ። ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች። ከሷ በታች አንድ ቡጢ ያህል ርቆ ብቻውን የሚበራው ሳተርን ነው። በማግስቱ በመስቀል ምሽትም ጨረቃ እዚያው አካባቢ ናት፣ በዚህ ጊዜ ግን አልፋዋለች። ቀና ብለው ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ፣ ከቬነስ እስከ ሳተርንና ጨረቃ ቅስቱን ቢስሉ ሁለተኛውን እርምጃ ያለ ምንም መምህር ጨረሱ ማለት ነው። ከሳተርን በስተደቡብ ራቅ ብሎ የሚታየው ፎማልሃውት የተባለ ኮከብ ነው፤ ከመንገዱ ውጭ ስለሆነ አያደናግርዎ። ሳተርን መስከረም 24 ቀን ከፀሐይ ተቃራኒ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ይጠብቅዎታል። (በነገራችን ላይ ኅዳር ላይ ሳተርንን ሲያዩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ የአንድሮሜዳ የኮከብ ቤት አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች ዕድል ሲሰጥ ኢትዮጵያ የሰየመችው ኮከብ እዚያ ነው፤ ስሙ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት ስም ደግሞ አቦል። በዓይን ባይታይም በርቀት መነጽር ይገኛል።)

ቬነስ ጥቅምት 14 ቀን በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፍና ከምሽቱ ትጠፋለች። ከዚያ ወዲያ ምሽት ላይ ማንም «ቬነስን አየሁ» ቢልዎት አይመኑት። በገና ሌሊት ቅዳሴ ያደሩ ግን ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ያገኟታል።

ጥር ማለቂያ ላይ የሜርኩሪ ተራ ይመጣል። ከጥር 22 እስከ 28 ባሉት ምሽቶች ፀሐይ ከጠለቀች ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ከጠለቀችበት ነጥብ ቀጥ ብለው ወደ ላይ አንድ ቡጢ እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ይፈልጓት። ከሷ በላይ አራት ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ ያለው ሳተርን ነው። ኮረብታ ወይም ቤት ምዕራቡን ከጋረደው አይደክሙ፣ ቦታ ይቀይሩ።

የካቲት ደግሞ የምሥራቅ ነው። ጁፒተር በወሩ መጀመሪያ ከፀሐይ ተቃራኒ ይሆናል፤ ማርስ ደግሞ ልክ የካቲት 12፣ በሰማዕታት ቀን። ቀኑን ለማስታወስ አያስቸግርም። የዚያን ዕለት ሲመሽ ሁለቱም በምሥራቅ ወጥተዋል፤ ከፍ ብሎ ነጭ የሆነው ጁፒተር፣ አንድ ቡጢ ያህል ዝቅ ብሎ ብርቱካንማው ማርስ ነው። ማርስን የተጠጋው ኮከብ ሬጉለስ ነው። በማግስቱ ሙሉ ጨረቃ ትቀላቀላቸዋለች። ማርስ በዚህ ጊዜ 101 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. 56 ሚሊዮን ደርሶ ስለነበር የ2019 ዓ.ም. ቅርበት ደካማ ከሚባሉት ነው፤ ጁፒተር በግልጽ ይበልጠዋል። «ማርስ ጨረቃን ያህላል» የሚል መልእክት በስልክዎ ከደረሰዎት አያስተላልፉት፤ በየጊዜው የሚዞር ውሸት ነው።

ስድስተኛ፦ ይጻፉት

የመጨረሻው ማረጋገጫ እንቅስቃሴ ነው። ደብተር ላይ ፕላኔቱንና አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሦስት ኮከቦች በነጥብ ያስቀምጡ፤ ቀኑን ይጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይሳሉ። ኮከቦቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት አይለወጥም፣ ፕላኔቱ ግን ይንቀሳቀሳል። በየካቲት ማርስን በሬጉለስ አጠገብ ከሳሉት ወደ ኋላ፣ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ያዩታል፤ ምድር በውስጠኛው መስመር እየቀደመችው ስለሆነ ነው። ስቴላሪየምን የመሰለ ነፃ መተግበሪያ ከተጠቀሙ መጀመሪያ ራስዎ ገምተው ከዚያ ይክፈቱት። ስልኩ የሚነግርዎትን ብቻ የሚከተሉ ከሆነ ባትሪው ያለቀ ዕለት ዕውቀቱም አብሮ ያልቃል። የስልክ ኮምፓስ ብረትና ቆርቆሮ አጠገብ እንደሚያሳስትም ይወቁ።

ቆጋ ለምን?

እስካሁን ለተባለው ሁሉ የባሕር ዳር ጣራ ይበቃል። ወደ ቆጋ መሄድ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ለማየት ነው። የቆጋ ግድብ ያለው ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው መርዓዊ አጠገብ ነው። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ስለተሠራ ዙሪያው ሜዳና የመስኖ ማሳ ነው። የባሕር ዳር የመብራት ወጋገን በሰሜን ምሥራቅ ይቀራል፤ ምዕራቡ ይጨልማል። የመስኖ ተረኛ ሆነው የሚያመሹ ገበሬዎች ከማንኛችንም የተሻለ ሰማይ አላቸው።

በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ምዕራብ ይመልከቱ። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይስጡት፤ ስልክ አያብሩ። ከአድማስ ተነሥቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ሐመር ብርሃን ይታያል። የከተማ መብራት ይመስላል፣ ግን በፀሐይ ዙሪያ የተበተነ ደቃቅ አቧራ የሚመልሰው ብርሃን ነው። አቧራው ፕላኔቶቹ በሚዞሩበት ዝርግ ላይ ስለሆነ ብርሃኑ በሁለተኛው እርምጃ በጣትዎ የሳቡትን ቅስት ተከትሎ ይወጣል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ለዚህ እይታ የኛ ኬክሮስ ከአውሮፓው እጅግ ይሻላል። ከመጋቢት በኋላ ግን የማሳ ጭስና አቧራ ስለሚያደበዝዘው አይዘግዩ።

ግድቡ አናት ላይ ያለ ፈቃድ አይውጡ፤ ዳርቻው ላይ ካሉ ማሳዎች አጠገብ፣ የአካባቢውን ሰው አስፈቅደው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ ይቁሙ። ቦዮቹ በጨለማ አይታዩምና እጅ ባትሪዎን በቀይ ላስቲክ ይሸፍኑት፤ መንገድ ያሳያል፣ ዓይን ግን አያጨልምም። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ከ2 ሰዓት በኋላ ይበርዳል፤ ጋቢ ይያዙ። ቬነስን በምሽት ከፈለጉ ግን እስከ 2020 ጥቅምት ይጠብቁ፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀችበት ነጥብ በላይ ዝቅ ብላ እንደገና የምሽት ኮከብ ትሆናለች።